በአምስተኛው መስመር ያላየሁት

ሽጉጤን ያስረከብኩት በዓይኔ ምክንያት ነው። ፖሊስ ለመጥራት ስልኩን ያነሳ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሰኝ፤ ሽጉጡ ድምፅና ጭስ እንጂ ጥይት የለውም። ቶሮንቶ ውስጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት የአጭር ርቀት ሩጫ አስጀማሪ ነበርኩ። ሯጮች መነሻው መስመር ላይ ሲንበረከኩ፣ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ቆሞ ብርቱካናማ እጅጌውን ወደ ሰማይ የሚያነሳ ሰው አለ አይደል? ካሜራው ሁልጊዜ ዘሎት የሚያልፈው? እሱ ነኝ። ወደ ሰማይ የተኮስኩት ቢደመር ለአንድ መካከለኛ ጦርነት ይበቃል። በዚያ ሁሉ ተኩስ አንድም ሰው አላቆሰልኩም ብዬ ግን አልምልም። አንዲት ልጅ አቁስያለሁ። ይህን የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ በአንድ ፋብሪካ ክለብ የመቶ ሜትር ሯጭ ነበርኩ። እኛ አገር የመቶ ሜትር ሯጭ መሆን በረሃ ላይ የጀልባ ጋራዥ እንደ መክፈት ነው። የሰፈር ሽማግሌዎች “ሯጭ ነህ አሉ፤ ስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትሮጠው?” ይሉኛል። “መቶ ሜትር” እላቸዋለሁ። “እሱማ ሱቅ ድረስ ነው” ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን አክስቴ ውድድሬን ልታይ ስታዲየም መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ስትል ሩጫው አልቋል። “መቼ ነው የምትጀምሩት?” አለችኝ። እስካሁን እሷን የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም።

ቶሮንቶ ስመጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆንኩ። ከክሬሰንት ታውን ፎቆች ሥር ልጆች እጭናለሁ፣ ኢስት ዮርክ አራግፋለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ መልሼ እጭናለሁ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ የግንቦት ቀን፣ ተማሪዎች ለውድድር ወደ አንድ ሜዳ ወሰድኩና እስኪጨርሱ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። መነሻው መስመር ላይ አንድ ረጅም ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። በአንድ እጃቸው ሽጉጥ፣ በሌላው ደግሞ የግንበኛ ማንኪያ ይዘዋል፤ ያችን ግንበኞች ሲሚንቶ የሚለስኑባትን፣ እጀታዋ እንጨት፣ ብረቷ በእርጅና የሳሳ። በእውነት ሽንኩርት ሊተክሉ የመጡ ነበር የመሰለኝ።

እኔ ደግሞ ምላሴ ዝም ማለት አይችልም። “አባቴ፣” አልኳቸው በዚያን ጊዜዋ እንግሊዝኛዬ፣ “መሙ እኮ ጎማ ነው። ምን ሊቆፍሩበት ነው?”

ዞር ብለው አዩኝ። “ለመቆፈር አይደለም። እንዳልቸኩል ነው።”

ስቬን ይባላሉ። አባታቸው ከስዊድን የመጡ ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሩጫ ሲያስጀምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ እንደ ሁሉም ፈረንጅ “ማራቶን?” አላሉኝም። ጭኔን አዩና “መቶ ወይስ ሁለት መቶ?” አሉ። ያን ቀን ባላፍር ኖሮ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ አይተው የገባቸው የመጀመሪያ ሰው ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ኮል አድርገው ለአስጀማሪነት ሥልጠና አስመዘገቡኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ስቬን አልኳቸው። ትርጉሙን ጠይቀውኝ “ሳይጠየቅ የሚመክር ሰው” ብያቸዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ተቀብለውት ኖሩ።

ስለ ክፍያው አንድ መስመር ይበቃል፦ ሳንድዊች፣ የመኪና ማቆሚያ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ለነዳጅ የምትሆን ነገር። ወረቀቱ ግን ከአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይበልጣል። ይህን እንለፈው።

ጋሽ ስቬን ያስተማሩኝ ማየትን ነው። አስጀማሪ ፊት አያይም። ፊት ይዋሻል፤ ተፋጥጦ እንደ ሐውልት የቆመ ፊት ሥር እጅ ይንቀጠቀጣል። የሚታየው ዳሌና ጣት ነው። መጀመሪያ ቦታ መምረጥ አለብህ፤ ስምንቱም ሯጮች በአንድ ጠባብ እይታ ውስጥ የሚገቡበት ቦታ። አንገትህን ካዞርክ ተበላሽተሃል፤ አንዱን ስታይ ሌላው ያመልጥሃል። “በየቦታችሁ” ብለህ ስትጠራ ድምፅህ ለምሳ እንደሚጠራ ሰው ይሁን፣ እንደ ወታደር አዛዥ አይሁን። “ተዘጋጁ” ካልክ በኋላ ዳሌዎቹ ሁሉ ይነሳሉ። እዚህ ላይ ነው ሥራው። ሁሉም ጸጥ እስኪል ትጠብቃለህ። በሰከንድ አትቆጥርም። የምትቆጥር ከሆነ ሯጮቹም አብረውህ ይቆጥራሉ፤ ሽጉጡን አይሰሙም፣ አንተን ይገምታሉ። ጸጥታው ሲመጣ ትተኩሳለህ። አልመጣም? “ተነሱ” ብለህ ሁሉንም ታስነሳና እንደገና ትጀምራለህ። ማንም አይሞትም።

የጋሽ ስቬን ልማዶች ብዙ ናቸው። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ስምንቱን መስመር አንድ በአንድ በእግራቸው ሄደው ይመለሱ ነበር፤ እርሻ የሚያስረክብ ገበሬ ይመስላሉ። ምሳ ሰዓት አንድ የተቀቀለ እንቁላል በስድስት ጉርሻ ይበላሉ፤ ቆጥሬያለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የኪስ ደብተራቸው። አንድ ሯጭ ከሽጉጡ በፊት ከተነሳ፣ ሌላ ሥራ ከመንካታቸው በፊት እዚያው ቆመው በእርሳስ ይጽፋሉ፦ መስመር ስንት፣ የትኛው አካል፣ ምን አደረገ። እኔም ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ “ሦስተኛው መስመር ቸኮለ” ብዬ ጻፍኩ። ወስደው በእርሳሳቸው ሰረዙት።

“ቸኮለ ያሰብከው ነው። ያየኸው ምንድነው?”

“ቀኝ ጉልበቱ ተነቃነቀ።”

“እሱን ጻፍ። ያየኸውን ጻፍ። ካላየህ ደግሞ ምንም አልሆነም ማለት ነው።”

በክረምት በጉልላት በተሸፈኑ ሜዳዎች ሠራሁ፤ እዚያ የአንድ ሽጉጥ ድምፅ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ጆሮ ይሞላል። በጸደይ በትምህርት ቤት ሜዳዎች፣ በበጋ በክለቦች ውድድር። አለቆቼ ተለዋወጡ። አንዷ ዋና ዳኛ በፉጨት የምትግባባ ነበረች፤ እንደ ውሻዋ ነበር የለመድኳት። አንዱ ደግሞ ዝናብን የግል ጠላቱ አድርጎ በየመሃሉ ወደ ሰማይ ይሳደብ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሕጉም ተለወጠ። ድሮ ከሽጉጡ በፊት የተነሳ ሯጭ ሁለተኛ ዕድል ነበረው። በኋላ ግን አንዴ ብቻ ከተነቃነቅክ ወጣህ። ቀይና ጥቁር ካርድ ታነሳበታለህ፣ ልጁ ከመሙ ይወጣል፣ አለቀ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ካላወቅህ ደግሞ አረንጓዴ ካርድ አለ፤ ለሁሉም ታሳያለህ፣ ማንም አይወጣም፣ ሩጫው እንደገና ይጀመራል። አረንጓዴው የሐቀኞች ካርድ ነው ይሉ ነበር ጋሽ ስቬን። “አላውቅም” የሚል ካርድ።

እንግዲህ ወደ ሀያት ልምጣ።

ሀያት የጀማል ልጅ ናት። ጀማል የወሎ ሰው፣ ታክሲ ነጂ፣ ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር የሚኖር ወዳጄ ነው። አበሻ በሚበዛበት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ሻይ ስንጠጣ ከእኔ ሌላ እንደ እኔ የሚያጋንን ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንከባበራለን። ልጁ ስትሮጥ ግን ማጋነን አላስፈለገውም። ከትምህርት ቤቷ ፈጣኗ ነበረች። የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ በከተማው የፍጻሜ ውድድር ላይ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ያልፋሉ። አንድ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ “እዚያ ድረስ ነይ እንጂ አይሻለሁ፤ ቦታም አለኝ” ብሏታል። ጀማል ይህን ለዳንፎርዝ በሙሉ ተናግሯል፤ የማያውቁትን አላፊ አግዳሚዎች ጭምር አስቁሞ።

በፍጻሜው ቀን ነፋስ ነበር። ጋሽ ስቬን ያኔ ጡረታ ወጥተው ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ልማድ አልለቅ ብሏቸው ግን ከኋላዬ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል። የሴቶች መቶ ሜትር ሊጀመር ሲል ጀማል አጥሩን ተሻግሮ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዞ፣ እስከ በርጩማዬ ድረስ መጣ።

“አሴ! ወንድሜ! ትኩሱን ብላ። አደራ እንግዲህ፣ ልጃችን አምስተኛው መስመር ላይ ናት!”

“ጀማል፣ በአላህ፣ ሂድ ከዚህ! ሥራ ላይ ነኝ።”

“ምን አልኩ? ብላ ነው ያልኩህ!”

እየሳቀ ሄደ። ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀረ። በአጠገቤ የአንዱ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ቆሞ ነበር። ፈገግ ብሎ “ዘመድህ ናት?” አለኝ። በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያለው። ክፋትም አልነበረበትም። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሙን ትቼ ራሴን ማየት ጀመርኩ። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር እንደ ጉንዳን ወደ አንገቴ ወጣ። ሳምቡሳውን ከበርጩማው ሥር ደበቅሁት፤ የሰረቅሁት ይመስል።

“በየቦታችሁ።” ስምንት ልጆች ተንበረከኩ። “ተዘጋጁ።” ዳሌዎች ተነሱ። ጸጥታው ሳይመጣ ተኮስኩ። ተቻኮልኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ጣቴ ሲስብ አራተኛውና አምስተኛው መስመር መሃል አንድ ነገር ውልብ አለብኝ። ጥላ ይሁን፣ ነፋስ ያነሳው ማሊያ ይሁን፣ እጅ ይሁን አላውቅም። ከኋላ የቆመው ረዳት ተኳሽም አይቶ ኖሮ ሯጮቹን ለመመለስ ደግሞ ተኮሰ። ልጆቹ ቆሙ፣ ተመለሱ። ረዳቱ “አራትና አምስት አካባቢ ነው፤ ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ” አለኝ።

አላውቅም ነበር። አረንጓዴው ካርድ በግራ ኪሴ፣ ቀይና ጥቁሩ በቀኝ ኪሴ። እጄ ወደ ግራ ሄዶ ነበር፤ እምላለሁ ሄዶ ነበር። ከዚያ አሠልጣኙን አየሁት። አረንጓዴውን ካነሳሁ “የአገሩን ልጅ አሳለፋት” ይለኛል ብዬ አሰብኩ። እሷ ላይ ብጨክን ግን ማን ያማኛል? ማንም። እንዲያውም “ምን ዓይነት ቀጥ ያለ ሰው ነው” እባላለሁ። ይህ ሁሉ ሐሳብ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው የወሰደው። ቀይና ጥቁሩን ካርድ አምስተኛው መስመር ፊት አነሳሁት።

ሀያት መጀመሪያ ወደ ጎን አየች፤ ለሌላ ሰው መስሏት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። “ጋሼ፣” አለችኝ ዝግ ብላ፣ “ወላሂ አልተንቀሳቀስኩም።”

እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ ለማላውቃት ልጅ እንደሚነገር፣ እባክሽን መሙን ልቀቂ አልኳት።

ሄደች። አላለቀሰችም። እግሯን የምታሳርፍበትን የመነሻ ብሎክ እንኳ በእጇ ነክታ አስተካክላ ነው የሄደችው። ሩጫው እንደገና ተጀመረ፣ ሌላ ልጅ አሸነፈች። እኔም ደብተሬን አውጥቼ “መስመር አምስት፣ ግራ እጅ” ብዬ ጻፍኩ። ግራ እጅ አላየሁም። ፈጠርኩት። በዕድሜዬ ሙሉ ካጋነንኩት ሁሉ ይህች ትንሿ ናት፤ ሁለት ቃል።

እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ላይ ይግባኝ ለማለት ግማሽ ሰዓት አለ። የሀያት አሠልጣኝ ቅጹን ይዛ ወደ ጀማል ስትሮጥ አየኋት። አጥሩ ከእኔ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሁሉን እሰማለሁ። ጀማል ቅጹን አልነካውም። “አሰፋ ካየ አይቷል” አላት። “የእኛ ሰው ነው፤ በእኛ ላይ ለምን ይዋሻል? ተይው።” ሀያት አጠገቡ ቆማ ነበር። አባቷን አየችው፣ ከዚያ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

ግማሽ ሰዓቱን በርጩማዬ ላይ ቆሜ አሳለፍኩት። ዋናዋ ዳኛ አርባ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጣለች። ሄጄ “አላየሁም” ብል ይበቃ ነበር። በድሮ ጉልበቴ አርባ እርምጃ አምስት ሰከንድ አይፈጅብኝም። አልሄድኩም። ሰዓቴን ሳይ፣ ካርዶቼን ሳስተካክል፣ ያልቆሸሸ ሽጉጥ ስጠርግ አለፈ።

ጋሽ ስቬን ከታጣፊ ወንበራቸው ተነስተው መጡ። ደብተሬን ጠየቁኝ። አነበቡ። መለሱልኝና “እሁድ ቤት ና” አሉኝ።

ቤታቸው ኢስት ዮርክ ነው፤ ቀይ ጡብ፣ ከኋላው ጋራዥ። እሁድ ስሄድ ጋራዡ ውስጥ ነበሩ። መደርደሪያው ላይ አንድ የጠቆረ የብር ዋንጫ አለ፣ በዛገ ብሎን የተሞላ። ማንኪያዋን ከቦርሳቸው አውጥተው ከዋንጫው አጠገብ አስቀመጡና ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አሥር ዓመት ስንተዋወቅ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት።

ኒልስ ይባላሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በአንዲት የስዊድን የወደብ ከተማ ግንበኛ ነበሩ። ያኔ መሙ የድንጋይ ከሰል አመድ ነው፣ ብሎክ የሚባል ነገር የለም። ሯጭ የእግሩን ጣት የሚያሳርፍባት ጉድጓድ ራሱ ይቆፍራል። ኒልስ በሥራቸው ማንኪያ ይቆፍሩ ነበር፤ ሌላው በጣቱና በእንጨት ሲፍጨረጨር እሳቸው እንደ ቤት መሠረት አራት ማዕዘን አውጥተው፣ ግድግዳውን ለስነው ይነሳሉ። ቀን ጡብ ይደረድራሉ፣ ሲመሽ ሸራ ጫማቸውን በትከሻ አንጠልጥለው ወደ ሜዳ። በሁለት በጋ ከተማቸውን አሸነፉ። በሦስተኛው አውራጃውን። በአራተኛው የአገሩ ምርጥ ሯጮች ከተሰበሰቡበት መነሻ መስመር ላይ ደረሱ።

“እዚያ ላይ ሰረቀ” አሉኝ ጋሽ ስቬን።

“ምን?”

“መነሻውን። ከሽጉጡ በፊት ወጣ። ያኔ ከሽጉጡ በፊት የተነሳን ማንም አያባርርም፤ ይመልሱሃል፣ እንደገና ትሞክራለህ። አስጀማሪው ግን አላየም። አልመለሳቸውም። አባቴ አንደኛ ወጣ።” ዋንጫውን በአገጫቸው አሳዩኝ። “ይኸው።”

ባቡር ጣቢያ በሙዚቃ ተቀበሏቸው፤ ግንበኞቹ በትከሻ ተሸከሟቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት በጋ ሮጡ፣ አንድም አላሸነፉም። ሽጉጡ ይተኮሳል፣ ሌሎቹ ይወጣሉ፣ ኒልስ አሁንም በጉድጓዳቸው ውስጥ ናቸው። መተኮሱን የሚያረጋግጥላቸው ሰው የሚጠብቁ ይመስል ነበር። በሃያ አምስት ዓመታቸው አረጁ ተባሉ። የመጨረሻ ውድድራቸውን በአንዲት መንደር ሜዳ ላይ መጨረሻ ወጥተው ጨረሱና ማንኪያዋን ይዘው በመርከብ ወደዚህ መጡ። ሠላሳ ዓመት የቶሮንቶን ቤቶች ገነቡ፤ የጋሽ ስቬንን ቤት ጭምር።

“ነገሩን ለእኔ የነገረኝ ሊሞት አልጋ ላይ ሆኖ ነው” አሉኝ። “ለዚያ አስጀማሪ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ጥፋቱን ለማመን። ዓመታት ፈጅቶበት ጻፈው። መልሱ ከአስጀማሪው ሴት ልጅ መጣ። አባቷ ሞቷል። በሕይወት እያለ ግን፣ ካስጀመርኳቸው ሁሉ ፈጣኑ ኒልስ ነበር እያለ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር፣ ብላ ጻፈች።”

እኔ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማይጠፋኝ ሰው፣ የዋንጫውን ብሎኖች መቁጠር ጀመርኩ።

“ግማሽ ሰዓትህ አልፏል” አሉኝ። “ሰዎቹ ግን አልሞቱም።” ማንኪያዋን አንስተው ሰጡኝ። “ይህን ይዘህ ሂድ።”

ሪጀንት ፓርክ ያኔ እየፈረሰ እንደገና የሚሠራበት ጊዜ ነው። የጀማል ሕንፃ ተራው ደርሶ ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። በሩን ሲከፍት ፊቱ በራ።

“አሴ! ግባ፣ ግባ! ጫማህን ተወው፤ ቤቱ ራሱ ሊፈርስ ነው።”

“ጀማል፣ ሀያት አለች?”

“ምነው? ምን ሆነሃል? ፊትህ...”

“ጥራት።”

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ሀያት ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ረጅም፣ ያማረ። ሁሉም ጠፋ። “አላየሁም” አልኩ። “አምስተኛው መስመር ላይ ምንም አላየሁም። ለወገኑ አደላ እንዳልባል ነው ካርዱን ያነሳሁት።”

ጀማል አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። “ሳምቡሳው ነው?” አለ። “እኔ ባልመጣ ኖሮ...”

“ሳምቡሳው ምን አደረገ? እኔ ነኝ።”

“እኔ እኮ ቅጹን እምቢ አልኩ።” መዳፉን ዘረጋ። “እጄ ላይ አምጥታልኝ ነበር። አሰፋ ካየ አይቷል አልኩ። በአንተ ምዬ።” ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጠኝ። “ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት።”

ሀያትን ቀና ብዬ አየኋት። ስለ ውድድሩ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።

“ለምን በእንግሊዝኛ መለሱልኝ?” አለች።

“አፍሬ” አልኳት።

“ደብተሩ ላይ ምን ብለው ጻፉ?”

አውጥቼ ሰጠኋት። “ግራ እጅ” የሚለውን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ መለሰችልኝ። “ሶ ያስተካክሉት።”

እዚያው፣ ካርቶን ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ሰረዝኩና ጻፍኩ፦ “መስመር አምስት፣ ምንም አላየሁም።” በማግስቱ ይኸንኑ በደብዳቤ ለዳኞች ኮሚቴ አስገባሁ። ውጤቱ አልተለወጠም፤ የይግባኙ ጊዜ አልፎ ነበር፣ የክፍለ ሀገሩ ውድድር ደግሞ በዚያው ሳምንት ነው። የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ቦታውን ለሌላ ሰጠ። ሀያት እዚሁ ከተማ ኮሌጅ ገብታ የላብራቶሪ ሙያ ተማረች። የዩኒቨርሲቲ ማሊያ ለብሳ አንድም ቀን አልሮጠችም። እኔ አንድ ዓመት ታገድኩ። ጀማል ሁለት ዓመት ዳንፎርዝ ላይ ሲያየኝ መንገድ ያቋርጥ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ሻይ ቤት ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ያለ ሰላምታ ስለ አንድ ተሳፋሪው ያጋነነ ታሪክ ጀመረ። አላቋረጥኩትም። እያጋነነ መሆኑን እያወቅሁ ሁሉንም አመንኩት።

ጋሽ ስቬን በታገድኩበት ዓመት ክረምት አረፉ። ማንኪያዋ እኔ ጋ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ አዲስ አስጀማሪዎችን ወደ ማሠልጠን ገባሁ፤ ሽጉጥ አያያዝ፣ መቆሚያ ቦታ፣ ደብተር። አንድ ቅዳሜ ስም ስጠራ ከኋላ ወንበር “አቤት” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሀያት ናት። ሃያ ዓመት አልፏታል።

በዕረፍት ሰዓት “ምን አመጣሽ?” አልኳት።

“እርስዎን ልጠብቅ ነው የመጣሁት” አለች። አጠገባችን የነበሩ አማርኛ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ጠበቀችኝም። ለሁለት ዓመት ከኋላዬ ረዳት ተኳሽ ሆና ቆመች። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ደብተሬን ትጠይቃለች፤ እሰጣታለሁ፣ አንብባ ትመልስልኛለች። እንደዚህ የሚያስፈራ አለቃ ኖሮኝ አያውቅም፤ ያቺ በፉጨት የምትግባባው ዳኛ ከእሷ ጋር ስትነጻጸር የሙሽራ ሚዜ ናት።

የመጨረሻ ቀኔ ባለፈው ዓመት ሰኔ፣ የወንዶች ሁለት መቶ ሜትር ማጣሪያ ላይ ነበር። የመጨረሻ መሆኑን አላወቅሁም። ጸጥታውን ጠብቄ ተኮስኩ፤ ንጹሕ መስሎኛል። ከኋላዬ ሁለተኛ ተኩስ ተሰማ። ሀያት ናት። ልጆቹ ተመለሱ።

ወደ በርጩማዬ መጣች። “ምን አዩ?”

“ምንም አላየሁም።”

“ሁለተኛ መስመር፣ ግራ እጅ። ከሽጉጡ በፊት ከመሬት ተነሳ። እኔ አይቻለሁ።”

ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩ። ሁለተኛው መስመር ጭጋግ ነበር። ለካስ ለወራት ጭጋግ ነበር፤ እኔ ነፋስ፣ አቧራ፣ ፀሐይ እያልኩ ሰበብ ስሰጠው ነው የከረምኩት። ካርዱን ለእሷ ሰጠኋት። እሷ ከሩቅ አላነሳችውም። ልጁ አጠገብ ሄዳ ጎንበስ ብላ “ግራ እጅህ ነው። አይቼዋለሁ” አለችው፤ የራሷን እጅ ከመሬት አንስታ እያሳየች። ከዚያ ነው ካርዱን ያነሳችው። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ተመልሳ መጣች፣ ደብተሯን አውጥታ እዚያው ቆማ ጻፈች።

ከበርጩማው ወረድኩ። ብርቱካናማውን እጅጌ ፈትቼ ሰጠኋት። ከቦርሳዬ ማንኪያዋን አወጣሁ።

“ይኼ ምንድነው?” አለች። “መሙ እኮ ጎማ ነው ጋሼ። ምን ልቆፍርበት ነው?”

“ያዢው ብቻ።”

በእጇ መዘነችው። እኔ ወደ ጎን ሄድኩና የጋሽ ስቬን ታጣፊ ወንበር ትቆም በነበረበት ዓይነት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሀያት በርጩማው ላይ ወጣች። ማንኪያዋ በግራ እጇ፣ ሽጉጡ በቀኝ እጇ። ለምሳ እንደሚጠራ ሰው “በየቦታችሁ” አለች፤ በእንግሊዝኛ፣ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ የተጠራ መሰለ። “ተዘጋጁ።” ዳሌዎች ተነሱ።

እኔ ብሆን ተኩሼ ነበር። እሷ ገና ትጠብቅ ነበር።